«ለቤተሰቧና ለእምነቷ የኖረች» ስንል ምን ማለታችን ነው?

«ኮሪያ» ሲባል የከተማችን ሰው የሚያስበው እንደየዕድሜው ነው። ሸምገል ያሉት ቃኘው ሻለቃን ያነሳሉ፤ ከ1951 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) በየተራ ስለዘመቱት ወታደሮች፣ እዚያ ስለወደቁት ከ120 በላይ ጀግኖች ያወራሉ። ጎልማሶቹ ኮሪያ ሆስፒታልን ያውቃሉ። የእኛ እኩዮች ደግሞ ድራማውንና ሙዚቃውን። በሦስቱም ዘንድ የሌለ አንድ ኮሪያዊ ግን አለ፦ ስደተኛው። አገሩን ጥሎ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በሰው አገር ሸንኮራ የቆረጠው፣ ብርቱካን የለቀመው፣ የሌላውን ልብስ ያጠበው ኮሪያዊ። ዛሬ ሴኡልን በስክሪን ለሚያይ ወጣት ኮሪያ ሰው የሚሸሻት አገር ነበረች ማለት ቀልድ ይመስላል። ግን ነበረች።

ስለ እነዚህ ስደተኞች ሲወራ አንድ የማይቀር ዐረፍተ ነገር አለ፦ «ዕድሜዋን በሙሉ ለቤተሰቧና ለእምነቷ የኖረች።» በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ይነበባል፤ ልጅ ሲመረቅ በንግግር መሐል ይገባል። ዐረፍተ ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ዋሽንግተን ላለች አክስት፣ ቤሩት ለከረመች እህት ይባላል። «እንደ ሻማ ቀልጣ አሳደገችን» እንላለን። ደግ ቃል ነው፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው።

ታዲያ ዛሬ የመጣነው ከዚህ ደግ ቃል ጋር ልንከራከር ነው። ክርክራችን በአጭሩ ይህ ነው፦ ሙገሳው ብቻውን ሲቆም የሰውየዋን ሕይወት ግማሽ ይሸፍነዋል። መቅለጧን ያወድሳል፤ እሳቱን የለኮሰው ማን እንደሆነ አይጠይቅም። ለዚህ ክርክር አንዲት ምስክር አለችን።

ምስክራችን

ሜሪ ፔክ ሊ ትባላለች። የተወለደችው በ1900 ሲሆን የኮሪያ ስሟ ፔክ ኳንግ ሰን ነበር። (በዕድሜ አንቱ የምትባል ናት፤ ታሪኩ ከሕፃንነቷ ስለሚጀምር ግን «እሷ» እያልን እንቀጥላለን።) የትውልድ ከተማዋ ፒዮንግያንግ ናት። ዛሬ የፒዮንግያንግ ስም ሲነሳ ትዝ የሚለን ሚሳኤልና ወታደራዊ ሰልፍ ነው። ያኔ ግን ከተማዋ በወንጌል ሰባኪዎች ዘንድ «የምሥራቋ ኢየሩሳሌም» እስከመባል ደርሳ ነበር። የሜሪም ቤተሰብ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን አባል ነበር።

በ1905 ሩሲያና ጃፓን በኮሪያ ጉዳይ ሲዋጉ የጃፓን ወታደሮች የፔክን ቤት ለራሳቸው ፈለጉት። ቤተሰቡ እንዲለቅ ታዘዘ። አያቶቿ ቀሩ። አባት፣ እናት፣ ታላቅ ወንድሟና እሷ በኢንቾን ወደብ በኩል ወደ ሃዋይ ተሳፈሩ። ሜሪ ገና አምስት ዓመት አልሞላትም። አያቶቿን ዳግመኛ አላየቻቸውም።

እነ ፔክ ብቻቸውን አልነበሩም። ከጥር 1903 እስከ 1905 ድረስ ወደ 7,200 የሚጠጉ ኮሪያውያን ወደ ሃዋይ የሸንኮራ እርሻዎች ተጉዘዋል። ከአሥሩ አንዷ እንኳ ሴት አልነበረችም። በመጀመሪያው መርከብ ከተሳፈሩት ብዙዎቹ የኢንቾን ከተማ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ነበሩ፤ ጆርጅ ሄበር ጆንስ የሚባል አሜሪካዊ ሚስዮናዊ «ሂዱ፣ እዚያ ይሻላችኋል» እያለ ያበረታታቸው። ይህን ስናነብ ስደቱ የእምነት ጉዞ ይመስለናል። በሌላኛው ጫፍ ግን የእርሻ ባለቤቶቹ የራሳቸው ስሌት ነበራቸው። የጃፓን ሠራተኞች በዝተው፣ ተደራጅተው፣ ሥራ ማቆም ጀምረው ነበር። ከሌላ አገር ሰው ማምጣት የእነሱን ክንድ ለማላላት ይጠቅማል። መዝሙር እየዘመረ ከመርከብ የወረደው ኮሪያዊ በእነሱ መዝገብ ላይ በቀን ከአንድ ዶላር በታች የሚከፈለው የሥራ ማቆም መከላከያ ነበር።

«ለእምነቱ የኖረ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ነው መጉደል የሚጀምረው። እምነቱ እውነት ነው። መዝገቡም እውነት ነው። አንዱን ብቻ ማንበብ ታሪኩን በግማሽ ማንበብ ነው።

የሠላሳ ወንደላጤ ምግብ

ቤተሰቡ ከሃዋይ ወደ ካሊፎርኒያ የተሻገረው በ1906 መጨረሻ ነው። ማረፊያቸው ሪቨርሳይድ የምትባል የብርቱካን ከተማ ሆነች። ኮሪያውያኑ የሰፈሩት ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ፣ ከዓመታት በፊት ለቻይና ቀን ሠራተኞች ተብለው በተሠሩ የጣውላ ጎጆዎች ውስጥ ነበር። ሰፈሩን ያደራጀው ኋላ ላይ የኮሪያ ነጻነት ትግል ታላቅ ስም የሆነው አን ቻንግ ሆ ነው። አንዲትን ብርቱካን በጥንቃቄ መልቀም አገርን ማገልገል ነው ብሎ ያስተምራቸው ነበር ይባላል።

አባት ብርቱካን ለቃሚ ሆነ። እናት ደግሞ በሰፈሩ ለሚኖሩ 30 ያህል ወንደላጤዎች ምግብ ማብሰል ያዘች። ሠላሳ! ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ቁርስ፣ ከዚያ ይዘውት የሚሄዱት ምሳ፣ ማታ ራት፤ ያውም ሕፃን ታቅፋ። ውኃ በቤት ውስጥ የለም። ጋዝ የለም፤ እንጨት ነው። ልጆቹ እንጨት ይለቅማሉ፣ ውኃ ይቀዳሉ። ከተማው ዳር ከነበረው ቄራም ሥጋ ቆራጮቹ የሚጥሉትን ጉበት፣ ኩላሊት፣ ልብና ጨጓራ እየለመኑ ወደ ቤት ያመጣሉ። አሜሪካዊው የሚጥለው የከብት ሆድ ዕቃ ለኮሪያዊቷ እናት ምግብ ነበር። ዱለት ወዳድ የሆነ አንባቢያችን እዚህ ላይ ፈገግ ቢል አንፈርድበትም። ይህን የሆድ ዕቃ ግን የስድስትና የሰባት ዓመት ልጆች ናቸው በየጊዜው ሄደው የሚያመጡት።

ሜሪ ትምህርት ቤት የገባች የመጀመሪያ ቀን ልጆች ክብ ሠርተው ከበዋት እየዘፈኑ ቀለዱባት፤ አንገቷንም መቷት። ቋንቋውን አታውቅም። ትርጉሙን የተረዳችው በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ የቤተሰቡ ታሪክ የመንከራተት ታሪክ ነው። ሥራ ባለበት ይሄዳሉ፤ ሲያልቅ ይነሳሉ። አባትየው ኢድሪያ በምትባል ተራራማ ስፍራ በሜርኩሪ ማዕድን ሠራ፤ ሜርኩሪ ምን እንደሚያደርግ ማንም ያውቃል፤ ጤናው ተቃወሰ። ሜሪ ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ፈለገች። በአካባቢው ስላልነበረ ወደ ሌላ ከተማ ሄዳ፣ ሰው ቤት እየሠራች፣ ለመኝታና ለምግብ ብቻ ጉልበቷን እየከፈለች ተማረች። ሥራው፣ ጥናቱና የምግቡ ማነስ ተደራርበው አሳመሟትና ትምህርቱ በዚያው ቀረ። በ1919 አገባች። ከባሏ ጋር መጀመሪያ ሩዝ አለሙ፣ በኋላ አትክልትና ፍራፍሬ እያመረቱም እየሸጡም ልጆች አሳደጉ።

ይህች ሴት ለቤተሰቧ ኖረች? አዎ፣ ኖረች። ነገር ግን «ለቤተሰብ መኖር» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ስንት ነገር እንደተሸከመ እንቁጠር። ደመወዝ የሌለው የሕፃን ጉልበት አለበት። ከደከመ ባል እኩል እየሠራች፣ ማታ ግን የቤት እመቤት ብቻ ተብላ የምትቆጠር እናት አለችበት። ጤናው በማዕድን ጉድጓድ የቀረ አባት አለበት። መማር የምትችል፣ መማር የፈለገች፣ ግን ያልተማረች ልጅ አለችበት። «ለቤተሰቧ ራሷን ሰጠች» ብለን አንድ ላይ ስንጠቀልለው ጥቅሉ ያምራል። ውስጡ ያለው ግን ዕዳ ነው፤ ከፋዩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ትልቋ ሴት ልጅ ናት።

ቤተ ክርስቲያኑስ?

እምነትን በተመለከተ ሁለት የተለመዱ አነጋገሮች አሉ። አንደኛው «ጸሎት ነው ያኖራቸው» የሚለው ነው። ሌላው ደግሞ ራሱን አዋቂ የሚያደርገው ወጣት «ሃይማኖት አደነዘዛቸው» የሚለው። የኮሪያ ስደተኞች ታሪክ ለሁለቱም አይመችም።

ለእነዚህ ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ከእሑድ ጸሎት በላይ ናት። ልጆች ኮሪያኛ የሚማሩባት ትምህርት ቤት ናት። ማንበብ ለማይችል ደብዳቤ የሚጻፍባት፣ ከአገር ቤት የመጣ ወሬ የሚሰማባት፣ ለሞተ የሚዋጣባት እድር ናት። ጃፓን በ1910 ኮሪያን ሙሉ በሙሉ ስትጠቀልል ደግሞ የፖለቲካ ማዕከል ሆነች። በ1919 በኮሪያ ታላቁ የነጻነት ሰልፍ በተካሄደበት ዓመት፣ ዲኑባ በምትባል የካሊፎርኒያ የገበሬ ከተማ ኮሪያውያን ሴቶች የአገር ፍቅር ማኅበር መሠረቱ። ለነጻነቱ ትግል ገንዘብ ለማዋጣት ከሥጋና ከአኩሪ አተር ስጎ የሚታቀቡባቸውን ቀናት ወሰኑ፤ የተረፈችው ሳንቲም ወደ ትግሉ ትሄዳለች። ጾም ለሚያውቅ ሕዝብ ይህን ማብራራት አያስፈልግም። እነዚህ ሴቶች ግን የጾሙት ለነፍሳቸው ብቻ አልነበረም፤ የጾማቸው ገንዘብ አገር ነጻ ለማውጣት ይላክ ነበር። የደነዘዘ ሰው እንዲህ አያደርግም።

ከዚህ ጋር ግን ጸሎት ብቻም አላኖራቸውም፤ ቤተ ክርስቲያንም ሁልጊዜ መጠጊያ አልነበረችም። ሜሪ በወጣትነቷ በአንዲት የካሊፎርኒያ ትንሽ ከተማ ወደ ነጮች ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት ሄዳ ነበር። አገልጋዩ በር ላይ ቆሞ ከለከላት፤ ጃፓናዊት መስላው ሰድቦ። ኮሪያዊት ነኝ ብትለው ለውጥ ይኖረው እንደሆነ ጠየቀችው። ለእሱ ሁሉም አንድ መልክ እንደሆኑ ነግሮ መለሳት። አገሯ ውስጥ ሚስዮናዊ መጥቶ «ወንድማማች ነን» ብሎ የሰበከለት ቤተሰብ ልጅ፣ የሰባኪው አገር ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስትደርስ ተባረረች። እሷ ግን እምነቷን ለበረኛው አልተወችለትም፤ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ክርስቲያን ሆና ኖረች። ስድቡንም አልረሳችውም። እኛ የምንወደው ይህን ነው፤ ይቅር ማለትና መርሳት አንድ ነገር እንዳልሆኑ በኑሮዋ ያሳየች ናት።

በራሳቸው በኮሪያውያኑ መካከልም ሰላም ብቻ አልነበረም። በኋላ የደቡብ ኮሪያ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆነው ሲንግማን ሪ በ1918 በሆኖሉሉ ከሜቶዲስቱ ተገንጥሎ የራሱን የኮሪያ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን አቋቋመ። ከዚያ ወዲያ ሰው የት እንደሚያመልክ ሲታወቅ የማን ደጋፊ እንደሆነም ይታወቅ ነበር። ለረጅም ዓመታት በአገር ቤትና በስደት ሲኖዶስ ተከፍሎ በ2018 የታረቀ ቤተ ክርስቲያን ያለው የአበሻ ዲያስፖራ ይህንን ሲያነብ «እኛንም ያውቁናል እንዴ?» ሊል ይችላል።

የሕጉ እጅ

አሁን ወደ እሳቱ ለኳሽ እንምጣ።

እነ ፔክ ለምን ያን ያህል ተንከራተቱ? ስንፍና አይደለም፤ ሰነፍ ሠላሳ ሰው አይመግብም። ዕድለ ቢስነትም ብቻ አይደለም። ሕግ ነው። በ1790 የወጣው የአሜሪካ የዜግነት ሕግ ከውጭ መጥቶ ዜጋ መሆን የሚችለው «ነጭ» የሆነ ሰው ነው ይል ነበር፤ በ1870 የአፍሪካ ተወላጆች ተጨመሩ። እስያውያን በሁለቱም መሐል ወደቁ። በ1913 ካሊፎርኒያ በዚህ ላይ ሌላ ሕግ ጨመረች፦ ዜጋ መሆን የማይችል ሰው የእርሻ መሬት ሊኖረው አይችልም፤ መከራየት የሚችለውም ቢበዛ ለሦስት ዓመት ነው። በ1920 ኪራዩም ተከለከለ።

የሁለቱን ሕጎች መገጣጠም ልብ በሉ። ሕጉ «ኮሪያዊ መሬት አይያዝ» ብሎ አልጻፈም። «ዜጋ መሆን የማይችል» ነው ያለው። ዜጋ እንዳይሆን የከለከለው ደግሞ ያው ሕግ ነው። መሬቱን አርሰህ፣ ድንጋዩን ለቅመህ፣ ቦይ ቆፍረህ ስታለማው ጊዜህ ያልቃል፤ ዕቃህን ጭነህ ትነሳለህ። ቤተሰቡ የመሬት ዋስትና ስለሌለው ያለው ሀብት ሁለት ብቻ ነው፦ የቤተሰቡ ጉልበትና የማኅበረ ምእመኑ መተማመን። እንግዲህ «ለቤተሰቡና ለእምነቱ የኖረ» የምንለው ሰው ሌላ ምን ቀርቶለት ነበር? ባንኩ፣ መሬቱ፣ ምርጫ ሳጥኑ፣ ፍርድ ቤቱ ሲዘጉበት ክፍት የቀሩት በሮች ቤቱና ቤተ ክርስቲያኑ ናቸው።

በዚህ ላይ ወደ ኋላ መመለሻ የለም። አገሩ በጃፓን ተይዛለች። አሜሪካ የእሷ ዜጋ አይደለህም ትለዋለች፤ በወረቀት የጃፓን ተገዥ ነው፤ በልቡ ግን ጃፓንን የሚዋጋ ነው። ጃፓን በ1941 ፐርል ሃርበርን ስትመታ፣ በ1942ም አሜሪካ የጃፓን ዝርያ ያላቸውን ከ100,000 በላይ ሰዎች ወደ ካምፕ ስታግዝ፣ ኮሪያውያን በመንገድ ላይ እንዳይደበደቡ «ኮሪያዊ ነኝ» የሚል ምልክት ደረታቸው ላይ ይለጥፉ ጀመር። ሠላሳና አርባ ዓመት የኖሩበት አገር ነው።

በሩ የተከፈተው በ1952 ነው፤ በዚያ ዓመት እስያውያን ዜግነት መጠየቅ ተፈቀደላቸው፤ የካሊፎርኒያም የመሬት ሕግ በፍርድ ቤት ወደቀ። ሜሪ ያኔ 52 ዓመቷ ነበር። በአራት ዓመቷ ለመጣች ሴት አገሩ «ዜጋ ልትሆኚ ትችያለሽ» ለማለት 47 ዓመት ፈጀበት። እናትና አባቷ ያረሱት ዘመን፣ እሷ ያረሰችበት ዕድሜ አልፏል።

ይህን ሁሉ ትቶ «በጸሎትና በትጋት ተወጣችው» ማለት ለሕጉ ምሕረት ማድረግ ነው። ምሕረት ማድረግ ካለባት ደግሞ እሷ ናት እንጂ ተናጋሪው አይደለም።

ከ1965 በኋላ የመጡት

አንዳንድ አንባቢ «ይህ የድሮ ነው» ሊል ይችላል። የዛሬው የኮሪያ አሜሪካዊ ማኅበረሰብ በአብዛኛው የመጣው የስደት ሕጉ በ1965 ከተለወጠ በኋላ ነው። እነዚህ በመርከብ ሳይሆን በአውሮፕላን የመጡ፣ ብዙዎቹም ዩኒቨርሲቲ የበጠሱ ነበሩ። ቋንቋና የሙያ ፈቃድ ግን እንቅፋት ሆኑ። በአገሩ መምህር የነበረው የግሮሰሪ መደርደሪያ ሲሞላ፣ ፋርማሲስቱ ልብስ ንጽህና ቤት ሲከፍት ታየ። መነሻ ገንዘቡን ብዙዎች ያገኙት በምን ይመስላችኋል? በዕቁብ! ኮሪያውያን «ኬ» ይሉታል፤ ሥርዓቱ የእኛው ነው፦ የሚተማመኑ ሰዎች ይሰበሰባሉ፣ በየወሩ ይጥላሉ፣ በየተራ ያነሳሉ። የሚተማመኑት ሰዎች የተገኙት ደግሞ ብዙውን ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ነው።

ከዚያ ሚያዝያ 29 ቀን 1992 መጣ (ይህም በፈረንጆቹ)። ሮድኒ ኪንግ የተባለውን ጥቁር አሜሪካዊ ሲደበድቡ በቪዲዮ የታዩት ፖሊሶች ነጻ ሲወጡ ሎስ አንጀለስ ነደደች። ከአንድ ዓመት በፊት ላታሻ ሃርሊንስ የምትባል የ15 ዓመት ጥቁር ልጅ በአንዲት ኮሪያዊት ባለሱቅ ተተኩሶባት ሞታ፣ ባለሱቋ ያለ እስራት በመለቀቋ ቁጣው ቀድሞም ተጠራቅሞ ነበር። ከ2,000 በላይ የኮሪያውያን ሱቆች ተዘረፉ ወይም ተቃጠሉ። ኮሪያውያን ያን ቀን «ሳ-ኢ-ጉ» ይሉታል፤ አራት-ሁለት-ዘጠኝ ማለት ነው። በቀን 14 ሰዓት ለሠራ፣ እሑድ አሥራት ለከፈለ፣ ከማንም ጋር አልደርስም ብሎ ለኖረ ሰው ትምህርቱ መራራ ነበር። በቤተሰብና በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ አጥር አጥሮ መኖር ከከተማው ቁስል አያድንም። ከዚያ በኋላ ነው ብዙ ወጣት ኮሪያ አሜሪካውያን ወደ ፖለቲካ፣ ወደ ማኅበራዊ ሥራና ወደ ጋዜጠኝነት የገቡት። ወላጆቻችን ዝም ብለው ሠሩ፤ ዝምታው ግን አልጠበቃቸውም አሉ።

ልጆቹን ካነሳን አይቀር አንድ ቁጥር እንጨምር። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2012 ባወጣው ጥናት ከኮሪያ አሜሪካውያን 71 በመቶው ክርስቲያን ነን ብለው ነበር። ያው ተቋም በ2023 ባወጣው ደግሞ 59 በመቶ ሆኗል። አሁንም ከፍተኛ ቁጥር ነው፤ መንገዱ ግን ወደ ታች ነው። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ አሜሪካ በአጠቃላይ ከቤተ ክርስቲያን እየራቀ ነው፣ የቋንቋውም ነገር አለ። እኛ ግን የራሳችንን ግምት እንናገር። ለልጅ መሥዋዕትነትን እንደ ታሪክ ማውረስ አንድ ነገር ነው፤ እንደ ዕዳ ማውረስ ሌላ ነው። «ስለ አንተ ምን እንዳየሁ ብታውቅ» የሚባል፣ ምን እንደታየ ግን የማይነገረው ልጅ፣ ዕዳውን ከታሪኩ ነጥሎ ይሸከማል። ይህ ልጅ አንድ ቀን ሸክሙን ከነቤተ ክርስቲያኑ ያወርደዋል።

«ደስ ብሏት ነው ያደረገችው»

የሚቀርብብን ተቃውሞ ይታወቀናል። «እናንተ ማን ናችሁና? ሰውየዋ ራሷ አላማረረችም። ደስ ብሏት ነው የኖረችው። ቅድስናዋን ወደ ፖለቲካ አትለውጡት።»

ተቃውሞው ክብደት አለው። መሥዋዕትነትን ሁሉ ጭቆና ብሎ መጥራት ሌላ ዓይነት ንቀት ነው፤ ሰዎቹ ያላሰቡ፣ ያልመረጡ ያስመስላቸዋል። የሜሪ እናት ለሠላሳ ሰው ስታበስል በፍቅርም፣ በኩራትም ነው። የዲኑባ ሴቶች ሥጋውን የተዉት ማንም አስገድዷቸው አይደለም።

መልሳችንን ግን ሜሪ ራሷ ሰጥታዋለች። በእርጅናዋ ሕይወቷን ጻፈች። ሱቼንግ ቻን የተባለች የታሪክ ምሁር የጻፈችውን ከመዛግብት ጋር እያመሳከረች አሰናዳችውና በ1990 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታተመ፤ የመጽሐፉን ርዕስ «ጸጥተኛው ረጅም ጉዞ» ብለን ልንመልሰው እንችላለን። ሜሪ ያኔ 90 ዓመቷ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ አረፈች። ርዕሱ ጸጥተኛ ይበል እንጂ ውስጡ ጸጥታ አይደለም። ጸሎቱ አለ፤ የእናቷ ድካም አለ፤ የቤተ ክርስቲያኑ በረኛም አለ። ዕድሜዋን በሙሉ ለቤተሰቧና ለእምነቷ የኖረች ሴት፣ ዕድል ስታገኝ «ተባረኩ» ብላ ብቻ አልዘጋችውም። ማን ምን እንዳደረጋት በዝርዝር ተናገረች። ፍቅሯም ቁጣዋም የእሷ ናቸው። ፍቅሯን ብቻ ወስዶ ቁጣዋን የሚተው ሙገሳ ስለ ሌላ ሰው ነው የሚያወራው።

ወደ ደጃችን

ይህን ሁሉ ያነሳነው ኮሪያውያንን ልናስተዋውቅ ብቻ አይደለም። በሎስ አንጀለስ የሐበሻ ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት «ትንሿ ኢትዮጵያ» ከኮሪያ ታውን ብዙ ሩቅ አይደለችም። የእኛም ሰዎች እዚያ ዕቁብ ይጥላሉ፤ የእኛም ሰዎች በቅዳሜና እሑድ የሚሰበሰቡት በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ነው፤ የእኛም ሰዎች በአገራቸው መምህር ሆነው እዚያ መኪና ማቆሚያ ይጠብቃሉ። እዚህ አዲስ አበባ ስንት የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ስንት የኮንዶሚኒየም ቅድመ ክፍያ ከእነሱ እጅ እንደሚወጣ የማያውቅ ቤት ጥቂት ነው።

ለዚያ ሁሉ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ ምስጋና ነው። «እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ።» ምርቃት መልካም ነው፤ አንንቀውም። ነገር ግን ምርቃት ከጥያቄ ካመለጠ ርካሽ ክፍያ ይሆናል። መራቂው አንዴ መርቆ ነገ ደግሞ ይጠይቃል፤ ተመራቂዋ ግን ስንት ሰዓት እንደምትቆም፣ ወረቀቷ ተስተካክሎ እንደሆነ፣ ማን እንደሚሰድባት፣ የትኛውን ትምህርት እንደተወች የሚጠይቃት የለም። ትልቋ ሴት ልጅ ስትላክም «ለቤተሰቧ ብላ» ይባላል፤ ወንድሞቿ ለምን ለቤተሰባቸው ሲሉ እንዳልሄዱ አይጠየቅም።

ስለዚህ የእኛ ሐሳብ ቀላል ነው። ሙገሳውን አታቁሙ፤ ከጎኑ ጥያቄ ጨምሩበት። ብሩ መድረሱን ለመንገር ስትደውሉ ዐሥር ደቂቃ ጨምሩና «እዚያ የደረስሽ ቀን እንዴት ነበር? የመጀመሪያ ሥራሽ ምን ነበር? ማን አስቸገረሽ? ምን መሆን ትፈልጊ ነበር?» በሉ። ቢቻል ድምፅ ቅዱ፤ በደብተር ጻፉ። ሜሪ ፔክ ሊ 90 ዓመት ደርሳ፣ ጽሑፏን ከቁም ነገር የቆጠረ ምሁር አግኝታ ታሪኳ ተረፈ። ለሠላሳ ሰው ያበሰለችው እናቷ ግን መጽሐፍ አልጻፈችም፤ የምናውቃት ልጇ ስላስታወሰቻት ብቻ ነው። የእኛዎቹ አክስቶች፣ እናቶችና እህቶች አብዛኞቹ እንደ እናትየዋ ናቸው፤ አይጽፉም። የሚነግሩት ግን አላቸው፤ ስልኩም በእጃችን ነው።